ብርድ ያልመታው ወገብ

ወገቡን የሚያመው ሰው በየቤቱ አለ፤ ምክር የሚሰጠውም አይጠፋም። ተኛ፣ ተሸፈን፣ ታሽ፣ መርፌ ተወጋ ይባላል። ሕክምናው ግን ባለፉት አርባ ዓመታት ከዚህ ምክር በብዙ ርቋል። ወገብንና ጉልበትን የሚጠብቀው ነገር በአብዛኛው ሰው ከቤቱና ከሥራው ሳይወጣ የሚያደርገው ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት በጠዋት የሚጀምር ሰው፣ ከላይ የሚወርዱትን ሴቶች ሳያይ አያልፍም። ባሕር ዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም እስር አስረው፣ በገመድ ጀርባቸው ላይ አጥብቀው ይወርዳሉ። ክብደቱ የሚያርፈው ወገባቸው ላይ ነው። ቀና ካሉ ወደ ኋላ ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን በሙሉ መሬት መሬቱን እያዩ ይወርዱታል። መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በድምፁ ነው።

እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባሉት ቤቶች ውስጥ ሸማኔዎች ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ እነርሱ ወይም አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዷል። በእጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይልካል፣ በእግሩ ይረግጣል፣ ደረቱ ወደ ድሩ አዘንብሏል። ገበያ በሚደራበት በበዓል ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ለምሳ ብቻ ነው።

የሴቶቹ ሥራ መሸከም ነው፣ የሸማኔዎቹ ሥራ መቀመጥ። ምን እንደሚያማቸው ለሚጠይቃቸው ግን መልሱ ከሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ወገብ። ምክንያቱን ሲጠየቁም እንዲሁ አንድ ናቸው፤ «ብርድ መታኝ» ይላሉ።

ብርዱ የመጣው በኋላ ነው

የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ እንጦጦ ላይማ ይብሳል። የደከመ ጡንቻ ብርድ ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ሕመሙም ይነቃል። ስለዚህ ሰው ሕመሙን ከብርድ ጋር ማያያዙ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ነገር ግን ብርዱ የሚያገኘው ቀድሞ የተጎዳ ወገብ ነው። ጥፋተኛው ብርድ ነው ብሎ ያመነ ሰው መፍትሔውን ጋቢ ውስጥ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ምን እንደተሸከመ፣ እንዴት እንዳነሣው፣ ስንት ሰዓት ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ እንደቆየ አያሰላም። በማግስቱም ወደዚያው ሥራ፣ በዚያው አኳኋን ይመለሳል።

ሙቀት ማስታገሡ እውነት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ዛሬም ፍል ውሃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ከሚሄዱት መካከል ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ሙቅ ውሃ የተጨመደደ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመሙንም ለጥቂት ሰዓት ጋብ ያደርገዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚቆጩት ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው፤ ሰው ሙቀቱ እንዳይወጣበት ተጠቅልሎ ይተኛል። ያቺ የቀለለች ሰዓት እኮ ወገቡን ለማንቀሳቀስ፣ ትንሽ መንገድ ለመሄድ፣ ጉልበቱን ለማጠፍና ለመዘርጋት የምትመቸው ሰዓት ናት።

ደም ሥር የማይደርስበት አካል

አከርካሪያችን ከ33 አጥንቶች የተሠራ ነው። በታች በኩል ያሉት 9ኙ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ 24ቱ ለየራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። በእነዚህ መካከል 23 ዲስኮች አሉ። ዲስክ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው። አዋቂ ሰው ላይ ዲስክ የራሱ ደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡና ኦክስጅኑ ከአጎራባቹ አጥንት እየሰረጉ ነው የሚደርሱት። ስንንቀሳቀስ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ሲጨመቅ ያስወጣል፣ ሲለቀቅ ይስባል። ጉልበትና ዳሌ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ልም አጥንትም ደም ሥር የለውም። የሚኖረው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ በሚዳረሰው ፈሳሽ ነው።

የዚህ ዘገባ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ምግብ አይደርሰውም። ያለ እረፍት የሚጨመቅም እንዲሁ ነው። እንጨት ተሸካሚዋ ወገቧ ከተጨመቀበት አይለቀቅም፤ ሸማኔው ደግሞ በአንድ አኳኋን ታስሮ ይውላል። ሁለቱም የሚጎዱት በዚሁ ነው።

> የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ምግብ አይደርሰውም፤ ያለ እረፍት የሚጨመቅም እንዲሁ።

ቀኑን ሙሉ ቆመንና ተቀምጠን ስንውል ዲስኮቻችን ውሃ ይቀንሳሉ። ጠዋት ቁመቱን የተለካ ሰው ማታ ሲለካ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አጥሮ ይገኛል። ሌሊት ተኝተን መልሰው ውሃ ይስባሉ። ስለዚህ ከእንቅልፍ እንደተነሣን ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ዲስኮች በውሃ የተወጠሩበት፣ ወገብን አብዝቶ ማጠፍ የሚያስጨንቃቸው ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸው ሰዎች ጠዋት ጠዋት ማጎንበስን በመቀነሳቸው ብቻ ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል።

የእኛ ጠዋት ግን የሚጀምረው በማጎንበስ ነው። እናት እንደተነሣች በአጭሩ መጥረጊያ ግቢ ትጠርጋለች፣ ጀሪካን ታነሣለች፣ እሳት ለማቀጣጠል ትጎነበሳለች። ምክሩ ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከተነሡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው የሚሠሩትን ሥራ ማስቀደም፣ ትንሽ መራመድ፣ መጥረጉንና ውሃ ማንሣቱን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ጉልበት ያለው ሰው ካለ ደግሞ ጀሪካኑን እርሱ ያንሣው።

ጀሪካን፣ ሳፋ፣ መጥረጊያ

የቢጫው ጀሪካን ልክ ሃያ ሊትር ነው፤ ሞልቶ ሲነሣ ሃያ ኪሎ። በአንድ እጅ ሲያዝ አከርካሪ ወደ አንድ ጎን እንዳይጠመዘዝ የሌላኛው ጎን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ይገትራል። ይህንኑ ውሃ በሁለት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ወገብን ከዚህ ያሳርፈዋል። ጉዞው አይጨምርም፣ ውሃውም አይቀንስም።

ዕቃ ስናነሣ ትልቁ ነገር ዕቃው ከሰውነታችን ያለው ርቀት ነው። የጀርባ ጡንቻዎች አከርካሪን የሚስቡት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ሆነው ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ርቆ የተያዘ ዕቃ ጡንቻውን ከራሱ ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ያስከፍለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዕቃው መጠጋት፣ እግርን ለቀቅ አድርጎ መቆም፣ ከዳሌና ከጉልበት ታጥፎ ዕቃውን ወደ ሆድ ማቅረብ፣ ከዚያ መነሣት ነው። ብዙ ሰው «ጉልበትህን አጥፈህ አንሣ» የሚለውን ሰምቷል፤ ጉልበቱን አጥፎ ዕቃውን በተዘረጋ እጅ ካነሣ ግን ያተረፈው ትንሽ ነው።

አጭር መጥረጊያ የብዙ ሴት ወገብ ጠላት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀና ብሎ ለመጥረግ መጥረጊያውን ረጅም እንጨት ላይ ማሰር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ልብስ ሲታጠብ ሳፋው መሬት ላይ ከሆነ፣ እግር ተገትሮ ወገብ ብቻ ታጥፎ ሰዓታት ይቆያል። ሳፋውን በርጩማ ወይም ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ማጠብ፣ ወይም ራስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማጠብ ይሻላል። ሊጥ ሲቦካ፣ እንጀራ ሲጋገርም ነገሩ ያው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመሬት ተነሥቶ በክርን ከፍታ አካባቢ ሲቀመጥ ጋጋሪዋ ቀና ብላ ትሠራለች። ብዙ ቤት ምጣዱ ዘመናዊ ሆኖ ቦታው ግን የድሮው ምድጃ ከፍታ ላይ ቀርቷል።

> ምጣዱ ዘመናዊ ሆነ፤ ቦታው ግን የድሮው ምድጃ ከፍታ ላይ ቀረ።

አንቀልባ ላይ ለሚያማርሩ አንድ ነገር መነገር አለበት። ልጅ በአንቀልባ ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተው የእናቱን ጀርባ ያቅፋሉ። ይህ አቀማመጥ ለሕፃን የዳሌ መገጣጠሚያ ተስማሚ መሆኑን የአጥንት ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ሕፃናት እግራቸው ተዘርግቶ በጠበቀ መጠቅለያ በሚታሰሩባቸው ባህሎች የዳሌ መውለቅ በዝቶ ይታያል። ለእናትየው ደግሞ ልጁ ከፍ ብሎና ጠብቆ መታዘሉ ይረዳታል። ዝቅ ብሎ የሚወዛወዝ ሕፃን ወገቧን ወደ ኋላ ይጎትታል።

ሰው ማንሣት ከዕቃም ይከብዳል፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ እጀታም የለውም። ይህ ሥራ ከኛ ሰዎች ብዙዎቹን ይመለከታል። ቤይሩትና ሪያድ ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ልጆቻችን፣ ዋሽንግተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ወገባቸውን የሚጎዱት በአብዛኛው ታማሚን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዛውሩ ነው። አልጋው ከፍ የሚል ከሆነ ከፍ ማድረግ፣ በሽተኛውን ከማንሣት በአንሶላ ማንሸራተት፣ ብቻን አለመሞከር ይጠቅማል። አንዲት ቀጣሪ «ቶሎ በይ» ስላለች የተጎዳ ወገብን ከዓመታት በኋላ የሚከፍልላት የለም፤ እምቢ ማለት የማይቻልበት ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ይህን ምክር እንዴት ትጠቀምበት? ምክር የሚሰጥ ሁሉ ይህንን ማሰብ አለበት።

ኩንታል

መርካቶ እህል ተራ ይኸው ጥያቄ ጎልቶ ይታያል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ተሸካሚው ጆንያውን ራሱ አያነሣውም፤ ሁለት ሰዎች አንሥተው ጀርባው ላይ ያደርጉለታል፣ እርሱ ጎንበስ ብሎ በፈጣን እርምጃ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ ወደዚያ ዝቅ እንዲል በቶሎ እርምጃ ይወሰድ ይላል። ለሴቶች ደግሞ ከዚህ በብዙ ያነሰ እንዲሆን ይጠይቃል።

ተሸካሚዎች ስለ ራሳቸው ሥራ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። አደጋው መሄዱ ላይ ሳይሆን መነሣቱና መጣሉ ላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ጆንያ ጀርባ ላይ እያለ በወገብ መዞርን ነባሮቹ ለአዲስ ገቢ አጥብቀው ይከለክሉታል፤ መዞር በእግር ነው፣ ሙሉ ሰውነትን ይዞ። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዲስክን በጣም የሚጎዳው ከባድ ጫና፣ መታጠፍና መጠምዘዝ ባንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ነገር ግን የመቶ ኪሎን ችግር የአነሣስ ዘዴ አይፈታውም። የሚፈታው ጆንያው ሃምሳ ኪሎ ሲሆን ነው፤ ጋሪ ሲገባ፣ የጭነት መኪናው ወለልና የመጋዘኑ ወለል እኩል ሲሆኑ ነው። ለእንጦጦ ሴቶችም መፍትሔው የአስተሳሰር ምክር አይደለም፤ ሌላ እንጀራ ነው። ስለ ወገብ ጤና ሲወራ ሁሉንም በግለሰቡ ልማድ ላይ መጣል አግባብ አይመስለኝም።

የተቀመጡት

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ያለው መርፌ እያስገባ ግፊቱን ለክቶ ነበር። ዝቅተኛው ግፊት ሰው ጋደም ሲል፣ ከፍተኛው ዕቃ ይዞ ሲያጎነብስ ሆነ። ብዙዎችን የገረመው ግን ጎብጦ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስኩን መጫኑ ነበር። በኋላ የመጡ ልኬቶች ልዩነቱን አጥብበውታል፤ ተደግፎ መቀመጥ ያን ያህል እንደማይከፋም አሳይተዋል።

የባንክ ሠራተኛው፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ኪሎ አያነሡም፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ውድ ወንበር ገዝቶ ይገላገላል፤ ያም ወንበር ቢሆን ሳይነሡ አራት ሰዓት ከተቀመጡበት ያማል። በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት፣ ስልክ ሲያወሩ ተነሥቶ መራመድ፣ ውሃውን ከጠረጴዛ አርቆ ማስቀመጥ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ከወንበሩ የበለጠ ይሠራሉ። ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ መሪ ላይ ከሚተኙ ወርደው መኪናውን ሁለት ጊዜ ቢዞሩት ወገባቸው ያመሰግናቸዋል።

ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ወጣት ደግሞ አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ጭንቅላቱን በአንገቱ ጡንቻ አንጠልጥሎ ይውላል። ስልኩን ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ በቂ ነው።

ለረጅም ጊዜ መቆምን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያናችን ከቀድሞ ጀምሮ መላ ነበራት። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፤ ካህናቱና ምእመናኑ በመቋሚያ ይደገፋሉ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፣ በዝማሜው ይንቀሳቀሳሉ። ቆሞ ለሚውል ሻጭ፣ ጥበቃ ወይም መምህር የሚመከረው ይኸው ነው፤ መደገፊያ መፈለግ፣ አንዱን እግር ዝቅተኛ ነገር ላይ ከፍ ማድረግ፣ መለዋወጥ።

የፎቶው ፍርሃት

የሰውነትን ውስጥ ፎቶ የሚያነሣው ኤምአርአይ በየከተማው እየበዛ ነው። መልካም ነው፤ ግን አዲስ ዓይነት በሽተኛም ፈጥሯል። ፎቶውን በፌስታል ይዞ ከሐኪም ሐኪም የሚዞር፣ «ዲስኬ ተንሸራቷል» ከተባለ ወዲህ ልጁን ማቀፍ የፈራ፣ ጫማውን ሚስቱ የምታስርለት ሰው አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ትንተና፣ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፎቶ መርምሮ ነበር። ከሃያ ዓመት ወጣቶቹ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት፣ ከሰማንያ ዓመት አረጋውያኑ ደግሞ ሁሉም ማለት በሚያስደፍር ደረጃ ዲስካቸው ላይ የማርጀት ምልክት ተገኘባቸው። አንዳቸውንም ወገባቸውን አላመማቸውም። ፎቶው እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዕድሜ ነው። እንዲያውም ወጣ ያለ ዲስክ በወራት ውስጥ ራሱ እየሟሸሸ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአሥር የወገብ ሕመሞች ዘጠኙ ይህ ነው የሚባል አንድ የአካል ምክንያት አይገኝላቸውም።

> ፎቶው እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዕድሜ ነው።

መተኛትስ? እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ በድንገት ወገባቸውን የያዛቸው ሠራተኞች በሦስት ተከፍለው ታዩ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፣ አንዱ የጀርባ ስፖርት ሠራ፣ ሌላው ሕመሙ የፈቀደለትን ያህል የዕለት ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የተሻለው ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ለወገብ ሕመምተኛ ሳምንት ተኛ ማለትን ትተዋል። የእኛ ጎረቤትና ዘመድ ግን አልተወም፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «አትነሣ» ይባላል። በፍቅር የሚባል ነው፤ ሰውየውን ግን ያዳክመዋል።

ፍራሽም እንዲሁ የተሳሳተ ስም አለው። ወገብ ሲያም መሬት ላይ ወይም ጣውላ ላይ መተኛት ጥሩ ነው ይባላል። ስፔን ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከጠንካራው ይልቅ መካከለኛው ፍራሽ በልጦ ተገኝቷል። የሰረጎደ ስፖንጅ ፍራሽ ግን መቀየር አለበት።

ጉልበት የሚሸከመው

አንድ ኪሎ ክብደት የቀነሰ ወፍራም ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱን ከአራት ኪሎ ያህል ጫና ያሳርፈዋል። ይህ በእርምጃ የተለካ ነው። በቀን ስንት ሺህ እርምጃ እንደምንሄድ ላሰበ፣ ጉልበትን ከቅባት ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነገር ይገባዋል። ከተማ ውስጥ ልጆቻቸውን አሳድገው ከቤት መውጣት የቀነሱ እናቶች ክብደታቸው ጨምሮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ደግሞ ይበልጥ ከቤት አይወጡም። ይህን አዙሪት የሚሰብረው የጭን ጡንቻ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበትን ጫና ይካፈላል።

ለዚህ ጂም አያስፈልግም። በርጩማ በቂ ነው። እጅን ሳይደገፉ ከበርጩማ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ መድገም። በርጩማው ዝቅ ያለ ከሆነና ካቃተ ከፍ ካለ ወንበር መጀመር ይቻላል። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ በአንድ አቀማመጥ ከመቆየት፣ በየመካከሉ መነሣትና እግር መዘርጋት ጉልበቱን ያሳርፈዋል። ጉልበት አጥፎ ለብዙ ሰዓት ቁጢጥ ብሎ መዋል ለጉልበት ልም አጥንት መጎዳት እንደሚያጋልጥ ቤጂንግ ውስጥ በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት አመልክቷል።

ስግደት ራሱ የጉልበት፣ የዳሌና የወገብ እንቅስቃሴ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህን ያህል መገጣጠሚያን ባንድ ጊዜ የሚያዳርስ ልማድ ጥቂት ነው። ጉልበቱ ያበጠ ወይም ከመሬት መነሣት ያቃተው አረጋዊ ግን እየታገለ መስገድ የለበትም፤ ንስሐ አባቱን ቢያማክር መላ አያጣም።

ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል የሚለውን ስጋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡት ሰዎች አልተቀበሉትም፤ ልክም ናቸው። ለጤናው በመጠኑ የሚሮጥ ሰው ጉልበት ከማይንቀሳቀሰው ሰው ጉልበት ይበልጥ አይበላሽም። መሮጥ ለማይችል መራመድ አለ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ቀን መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ አረጋውያንን ጭምር ሲያስወጣ ያየ፣ ሰው ቦታ ካገኘ እንደሚንቀሳቀስ ይገነዘባል። በቀረው ቀን የእግረኛ መንገዱ በተቆፈረበት፣ በተዘጋበት ሰፈር ለጉልበት ሕመምተኛ «ተራመድ» ማለት ከባድ ነው።

ሪህ ግን ለብቻው ነው። ሌሊት ድንገት የእግርን አውራ ጣት አቅልቶ፣ አሳብጦ፣ አንሶላ እንኳ የማያስነካ ሕመም ከዩሪክ አሲድ የሚመጣ ነው። ከጾም ማግሥት ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት በቢራ ሲበዛ ይነሣል። መድኃኒቱም ምርመራውም ካረጀ ጉልበት የተለየ ስለሆነ ሁሉንም የመገጣጠሚያ ሕመም ሪህ ብሎ ማለፍ በሽተኛውን ያጉላላል።

ልማድ የማያድነው

በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ኋላም አጥንቱ ያብጣል፣ አከርካሪው ይገታል፣ አንዳንዱም እግሩ ይዝላል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ ያጠኑት ይህ ነበር። እዚያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ስፖርት አይተካውም።

የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ሕመም አከርካሪ ውስጥም ይገባል። የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ለሳምንታት ቆይቶ፣ ሌሊት እየባሰ፣ ማታ ማታ ላብና ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ከጨመረ ይህ መጠርጠር አለበት። በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን አጥንቱን ሰብሮ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርን ሽባ ያደርጋል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ፣ ከከብት ጋር የሚውል ሰው ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከተመላለሰበት ደግሞ ብሩሴሎሲስ አለ። ወተትን አፍልቶ መጠጣት ይከላከለዋል።

ወጌሻ ሰው ያምነዋል፤ የብዙዎቹ እጅ የጡንቻ ሕመምን ያስታግሣል፣ ከሐኪም ቤት የራቀውም ሌላ የለውም። ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በጠበቀ እሽግ ታስሮ ደም ካጣ ሥጋው ይሞታል፤ በዚህ የተነሣ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ሐኪም ቤት ያውቃቸዋል። ጣት ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እሽጉ ያኔውኑ መፈታት አለበት። ነቀርሳ ያለበትን አከርካሪ መታሸትም አደገኛ ነው። ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛው የዳይክሎፌናክ መርፌና ኪኒን ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ሲለመድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ያባብሳል።

ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ነገ ይሻለኛል አይባልም።

ከዚህ ውጪ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ብሎ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ለሐኪሙ የሕመሙን ቦታ ብቻ አሳይቶ አይመለስ። መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ወይስ ቀን እንደሚብስ፣ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ እንዳለ፣ የሚጠጣው ውሃና ወተት ከየት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት ሲወስድ እንደቆየ ይንገረው። ሥራውንም ይንገረው፤ በቀን ምን ያህል ኪሎ እንደሚያነሣ፣ ከየት አንሥቶ የት እንደሚያስቀምጠው፣ ሳይነሣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ። ሐኪሙ ካልጠየቀ ሕመምተኛው ራሱ ያንሣው።